«ሉክ» ብቻውን አይበቃም፦ ፍሬዛል ቨርብን በዕለት ተዕለት ጽሑፍ እንዴት እንጠቀም?

ከዓመታት በፊት ለአለቃዬ አጭር ኢሜይል ጻፍኩ። የላኩልኝን ሪፖርት አንብቤዋለሁ ለማለት ፈልጌ «አይ ሃቭ ኦቨርሉክድ ዩር ሪፖርት» አልኩ። ትንሽ ቆይተው ደወሉልኝ። «ሪፖርቱን ሳታየው ቀረህ እንዴ?» አሉኝ።

መጻፍ የነበረብኝ «አይ ሃቭ ሉክድ ኦቨር ዩር ሪፖርት» ብዬ ነው። «ሉክ ኦቨር» አንድን ነገር ከላይ እስከ ታች ማየት ነው። «ኦቨርሉክ» ደግሞ ልብ ሳይሉ ማለፍ። ቃላቱ እነዚያው ሁለቱ ናቸው። ቦታቸው ሲቀያየር ትርጉማቸው ተገለበጠ።

ያ ስልክ ብዙ አስተማረኝ። ከዚያ ወዲህ ስጽፍም፣ የሌሎችን ጽሑፍ ሳርምም፣ ስህተቱ የሚደጋገመው የት የት ላይ እንደሆነ ልብ ብዬ ስከታተል ቆይቻለሁ። እዚህ የማካፍላችሁ ያንን ነው።

ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው አንድ ግስ ከአንዲት ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም ሲይዝ ነው። «ጊቭ» መስጠት ነው። «አፕ» ወደ ላይ ነው። «ጊቭ አፕ» ግን ወደ ላይ መስጠት አይደለም። ተስፋ ቆርጦ መተው፣ እጅ መስጠት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አማርኛችን በዚህ ዓይነት ነገር የተሞላ ነው። «ዝም አለ» እንላለን። ዝም ካለ ታዲያ ምን አለ? «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ልብ አለ» ስንልም ማንም የተናገረ የለም። ሥራውን የምትሠራው ከ«አለ» ፊት ያለችው ቃል ናት። ልጆች ሳለን ሁለቱን ለያይተን አልተማርናቸውም። አንድ ላይ ሰማናቸው፣ አንድ ላይ ያዝናቸው። ፍሬዛል ቨርብም የሚያዘው እንደዚሁ ነው። እኔ ድርቅ ብዬ የምከራከርበት ነጥብ ይህ ነው፦ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ቃል ያዟቸው፣ ያንን ቃል ደግሞ ከነአረፍተ ነገሩ ያዙት።

ችግሩ የእናንተ ብቻ ከመሰላችሁ፣ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ለውጭ ሰው ትልቁን ችግር የሚፈጥረው ይህ ከግስ ኋላ ትንሽ ቃል እያስከተሉ ትርጉም መለወጥ እንደሆነ ጽፏል። ያኔም ያው ነበር ማለት ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በፊደላችን ነው የምጽፈው። «ኦፍ» ስል በሁለት ኤፍ የሚጻፈውን፣ «ኦቭ» ስል በአንድ ኤፍ የሚጻፈውን ማለቴ ነው። ስትለማመዱ ግን በእንግሊዝኛው ፊደል ጻፉት። ዓይናችሁ የሚለምደው ያኔ ነው።

1. የማስታወሻ አያያዛችሁን ቀይሩ

ብዙ ሰው የሚያጠናው በዝርዝር ነው። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ፍቺው። «ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ ኢንቱ» ማጣራት፣ «ሉክ አፕ» ከመዝገበ ቃላት ማየት። ማታ ይሸመደዳል። ጠዋት ሲነሱ ሁሉም ተደበላልቆ «ሉክ» ብቻ ይቀራል።

በግስ አትሰብስቡ። በጉዳይ ሰብስቡ። ለምሳሌ አንድ ገጽ ለቀጠሮ ስጡት። ወደ ሌላ ቀን ማስተላለፍ «ፑት ኦፍ» ነው። ጭራሽ መሰረዝ «ኮል ኦፍ»። ቀኑን ማስቀደም «ብሪንግ ፎርዋርድ»። ሰውየው ብቅ ሲል «ሾው አፕ»። ሌላ ገጽ ለዕቃና ለመሣሪያ ይሁን። መክፈት «ተርን ኦን»፣ ማጥፋት «ተርን ኦፍ»፣ ሶኬት ላይ መሰካት «ፕላግ ኢን»፣ መበላሸት «ብሬክ ዳውን»። በጉዳይ ሲሰበሰቡ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል፣ ልዩነታቸውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። «ፑት ኦፍ» እና «ኮል ኦፍ» ጎን ለጎን ከተጻፉ ማስተላለፍን ከመሰረዝ ጋር አታምታቱም።

ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት አረፍተ ነገር ጻፉ። በአንደኛው ተሳቢው በስሙ ይጠራ፣ በሁለተኛው በተውላጠ ስም። «ዊ ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ካላችሁ፣ ከሥሩ «ዊ ፑት ኢት ኦፍ» በሉ። ለምን ሁለት እንደሆነ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ፍቺውን ስትጽፉ ደግሞ አፋችሁ ላይ ያለውን አማርኛ ተጠቀሙ። ብዙ ፍሬዛል ቨርብ በ«አለ» እና በ«አደረገ» ግሶቻችን ልክክ ይላል። «ሲት ዳውን» ቁጭ አለ። «ስታንድ አፕ» ብድግ አለ። «ካልም ዳውን» ረጋ አለ። «ካት ዳውን ኦን» ቀነስ አደረገ። ይህ ፍቺውን ብቻ ሳይሆን የቃሉን ለዛም ይሰጣችኋል። ቤተኛ የሆነውን ቃል በቤተኛ ቃል ነው መያዝ።

2. ትንሿን ቃል አድምጧት

ትንንሾቹ ቃላት ዝም ብለው አልተቀመጡም። ብዙ ጊዜ የራሳቸው ዝንባሌ አላቸው።

«አፕ» ብዙ ጊዜ ፈጽሞ መጨረስን ያመጣል። «ኢት» መብላት ነው፣ «ኢት አፕ» ግን ጥርግ አድርጎ መብላት። «ፊል» መሙላት ነው፣ «ፊል አፕ» ጢም እስኪል መሙላት። «ዩዝ አፕ» ሙልጭ አድርጎ መጨረስ። እኛ «ጥርግ»፣ «ጢም»፣ «ሙልጭ» የምንለውን እነሱ በአንዲት «አፕ» ይሉታል።

«ኦን» መቀጠል አለባት። «ካሪ ኦን»፣ «ኪፕ ኦን»፣ «ሪድ ኦን» ሁሉም ውስጥ ሥራው አይቋረጥም። «ኦፍ» መለየትና መቋረጥ አለባት። ልብስ ሲወልቅ «ቴክ ኦፍ»፣ መብራት ሲጠፋ «ስዊች ኦፍ»። «አውት» የተደበቀውን ታወጣለች። «ፋይንድ አውት» ያላወቁት ነገር ላይ መድረስ ነው፣ «ወርክ አውት» አስልቶ ማግኘት፣ «ፖይንት አውት» ነቅሶ ማሳየት። እንዲሁም ማለቅን ታመለክታለች፤ «ራን አውት» አለቀ፣ «ሴል አውት» ተሸጦ አለቀ። «ዳውን» መቀነስ፣ «ባክ» መመለስ ናቸው፤ እነዚህ ብዙም አያስቸግሩም።

ይህ ለማስታወስ ይረዳል እንጂ ለመፍረድ አይበቃም። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ ቀላል ነገር ስላልሆነ ቆም ብላችሁ አስቡበት። ሕንፃ ግድግዳ ላይ «ዌን ዘ አላርም ጎውስ ኦፍ፣ ሊቭ ዘ ቢልዲንግ» የሚል ማስታወቂያ አለ እንበል። «ኦፍ» መቋረጥ ነው ብሎ የያዘ ሰው «ደወሉ ሲቆም ውጡ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ትርጉሙ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። «ጎው ኦፍ» ለደወል ሲሆን ጮኸ ማለት ነው። ደወሉ እየጮኸ እስኪቆም የሚጠብቅ ሰው እሳት ውስጥ ነው የሚጠብቀው።

አንዱ ፍሬዛል ቨርብ ብዙ ፍቺ እንደሚኖረውም አትርሱ። «ቴክ ኦፍ» ለልብስ ማውለቅ፣ ለአውሮፕላን መነሳት፣ ለአዲስ ሥራ ደግሞ በፍጥነት መሳካት ነው። «ሜክ አፕ» ከተጣሉት ጋር መታረቅም፣ ያልነበረ ታሪክ መፍጠርም ይሆናል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲገባችሁ መዝገበ ቃላት ክፈቱ፣ ፍቺውንም ከአረፍተ ነገሩ ጋር አመሳክሩ።

3. ተሳቢው የት ይቀመጥ?

ትልቁ ችግር እዚህ ነው። ከማርማቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመጣሉ።

አንዳንዶቹ ይከፈታሉ። ተሳቢው መሐላቸው መግባት ይችላል። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ልክ ነው። «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» እሱም ልክ ነው። ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ምርጫ የለም፣ መሐል መግባት አለበት። «ተርን ኢት ኦፍ» ይባላል። «ተርን ኦፍ ኢት» ስህተት ነው። «ፒክ አፕ»፣ «ፑት ኦፍ»፣ «ፊል ኢን»፣ «ስሮው አዌይ»፣ «ራይት ዳውን» የሚከተሉት ይህንኑ ነው። «ፒክ ሚ አፕ»፣ «ራይት ኢት ዳውን»።

ተሳቢው ረጅም ከሆነ ግን ቃላቱን አትለያዩ። «ሺ ተርንድ ዳውን ዘ ጆብ ዘይ ኦፈርድ ኸር ላስት ዊክ» በሉ፤ የሰጧትን ሥራ አልቀበልም አለች ማለት ነው። «ዳውን»ን ወደ መጨረሻ ብትወስዷት አንባቢው «ተርንድ» ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያን ሁሉ ቃል ይጓዛል። እኛ ግሱን እስከ መጨረሻ መጠበቅ የለመድን ሰዎች ስለሆንን ይህ አያስጨንቀንም። የእንግሊዝኛ አንባቢ ግን ነገሩን ቶሎ መያዝ ይፈልጋል።

ሌሎቹ አይከፈቱም። «ሉክ አፍተር ሂም» እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» አይባልም። «ሉክ ፎር»፣ «ሉክ ኢንቱ»፣ «ራን ኢንቱ»፣ «ካም አክሮስ»፣ «ጌት ኦቨር» ከዚሁ ወገን ናቸው። ስምም ይሁን ተውላጠ ስም ተሳቢው ከኋላ ይመጣል።

ጭራሽ ተሳቢ የማይቀበሉም አሉ። «ዘ ካር ብሮክ ዳውን» ተብሎ እዚያው ይቆማል። እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ወጥመድ ያስቀምጥልናል። እኛ «አደገ» ካልን «አሳደገ» ለማለት «አስ» መጨመር ይበቃናል። እንግሊዝኛው ግን ሌላ ግስ ይፈልጋል። አደገ «ግሮው አፕ» ነው፣ አሳደገ «ብሪንግ አፕ»። «አጎቴ አሳደገኝ» ለማለት «ማይ አንክል ግሩ ሚ አፕ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አጋጥሞኛል። ልኩ «ማይ አንክል ብሮት ሚ አፕ» ነው።

የትኛው ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ለተማሪ የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ይነግሯችኋል፣ ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። «ተርን ሰምቲንግ ኦፍ» ብለው «ሰምቲንግ»ን መሐል ካስገቧት ይከፈታል ማለት ነው። «ሉክ አፍተር ሰምቲንግ» ብለው ከኋላ ካስቀመጧት አይከፈትም። «ሰምቲንግ» ከሌለች ተሳቢ አይፈልግም። ይህችን አንዲት ቃል ማየት የሰዋስው ሕግ ከመሸምደድ ያድናል።

4. ሦስት ቃል ሲሆን

«ፑት አፕ ዊዝ» መታገስ፣ ችሎ ማለፍ ነው። «ራን አውት ኦቭ» አለቀብን። «ካም አፕ ዊዝ» ሐሳብ ማመንጨት። እነዚህ ላይ ተሳቢው መጨረሻ ላይ ይሆናል፣ ተውላጠ ስም ቢሆንም። «ዊ ራን አውት ኦቭ ኢት»።

«ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ግን የብቻዋ ጉዳይ ናት፣ ምክንያቱም ደብዳቤ ሁሉ የሚያልቀው በእሷ ነው። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ልኩ «ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ነው። እዚህ ያለችው «ቱ» «ቱ ጎው»፣ «ቱ ኢት» ላይ ያለችው አይደለችም። መሞከሪያው ቀላል ነው። በቦታው ስም አስገቡ። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዘ ሚቲንግ» ይሄዳል? ይሄዳል። እንግዲያው ቦታው የስም ቦታ ነው። ግስ ሲገባበት «ኢንግ» ጨምሮ ስም መምሰል አለበት። «ጊቭ አፕ ስሞኪንግ» እና «ፑት ኦፍ ጎዊንግ» ላይም ሕጉ ያው ነው።

5. ትንሿን ቃል መንገድ ላይ አትጣሏት

ጊዜ የሚለውጠው ግሱ ብቻ ነው። «ጊቭ አፕ»፣ «ጊቭስ አፕ»፣ «ጌቭ አፕ»፣ «ሃቭ ጊቨን አፕ»። «አፕ» እንዳለች ትኖራለች።

የምትጠፋው አረፍተ ነገሩ ሲገለበጥ ነው። «ስብሰባው ተሰረዘ» ለማለት «ዘ ሚቲንግ ዋዝ ኮልድ ኦፍ» ይባላል። «ኦፍ»ን ብትረሷትና «ዘ ሚቲንግ ዋዝ ኮልድ» ብላችሁ ብትልኩ «ስብሰባ ተጠራ» ሆነ። ሰዎቹ ቤታቸው መቅረት ሲገባቸው ሰብሰብ ብለው ይመጣሉ።

ሌላው ቦታ «ስፈልገው የነበረው ፋይል» የምንለው ዓይነት ነው። «ዘ ፋይል አይ ዋዝ ሉኪንግ ፎር» ነው የሚባለው። በአማርኛ «ስፈልገው» ሁሉንም ስለያዘ «ፎር» የተረፈች ትመስለናለች። አልተረፈችም። አረፍተ ነገር በእንዲህ ያለች ቃል ማለቁ ነውር የሚመስላችሁም ካላችሁ አይደለም፤ ጨርሱበት።

6. አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት?

ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚያጋጥመው ነው። «ሎግ ኢን» ተለያይቶ ሲጻፍ ግስ ነው፣ መግባት። «ሎጊን» ገጥሞ ሲጻፍ ስም ነው፣ መግቢያ። «ባክ አፕ» እና «ባካፕ»፣ «ሴት አፕ» እና «ሴታፕ» እንደዚሁ። ሲጠራጠሩ ወደ ኃላፊ ጊዜ ለውጦ መሞከር ነው። «አይ ሎግድ ኢን» ማለት ከቻላችሁ ግስ ስለሆነ ክፍተት ይፈልጋል። «ፕሊዝ ባክ አፕ ዩር ፋይልስ» ሁለት ቃል፣ «አይ ሜድ ኤ ባካፕ» አንድ ቃል።

7. ለማን እንደምትጽፉ አስቡ

«ፑት ኦፍ» እና «ፖስትፖን»፣ «ኮል ኦፍ» እና «ካንስል»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» እና «ቶለሬት» ፍቺያቸው ይቀራረባል። ለጓደኛ በሚላክ መልእክት ፍሬዛል ቨርቡ ሞቅ ያለ ነው፣ «ፖስትፖን» ትንሽ ያርቃል። ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደግሞ አንዱ ቃል ይሻላል።

ነገር ግን «መደበኛ ጽሑፍ ላይ ፍሬዛል ቨርብ ክልክል ነው» የሚለውን ምክር አልቀበለውም። «ካሪ አውት»፣ «ፖይንት አውት»፣ «ሴት አፕ» ጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ በነፃነት ይኖራሉ። እነሱን ለመሸሽ ሲባል የሚመጣው ከባድ ቃል ብዙ ጊዜ ጽሑፉን ያደርቀዋል። «ጌት» ያለባቸውን ግን ለወግ ደብዳቤ አልመርጣቸውም።

8. የማያስፈልጋትንም አትጨምሩ

ትንንሾቹን ቃላት ከለመድን በኋላ ደግሞ ያለ ቦታቸው እንረጫቸዋለን። «ዲስከስ አባውት ዘ ፕላን» አይባልም፣ «ዲስከስ ዘ ፕላን» ይበቃል። «ሪተርን» ራሱ መመለስ ስለሆነ «ባክ» አያስፈልገውም። ከሁሉም በጣም የተስፋፋው «ኮፕ አፕ ዊዝ» ነው። «ኪፕ አፕ ዊዝ» እና «ካች አፕ ዊዝ» ስላሉ በዚያው ተስቦ የመጣ ይመስለኛል። ልኩ «ኮፕ ዊዝ» ብቻ ነው።

9. ከመላካችሁ በፊት

ሁሉንም በአንድ ኢሜይል እንሞክረው። የመጀመሪያው ረቂቅ ይህ ነው እንበል፦

«ዲር ኦል፣ ዘ ፍራይደይ ሚቲንግ ዊል ቢ ፑት። ዘ ፕሮጀክተር ሃዝ ብሬክ ዳውን ኤንድ ዊ አር ሉኪንግ ዘ ፕሮብሌም። ፕሊዝ ፊል ዘ ፎርም ኤንድ ሴንድ ባክ ኢት ቱ ሚ። አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂር ፍሮም ዩ።»

እርሳስ አንሱና ግሶቹን ብቻ አስምሩባቸው። ከእያንዳንዱ ጋር «ትንሿ ቃል አለች? ቦታዋ ላይ ናት?» እያላችሁ ሂዱ። «ዊል ቢ ፑት» ላይ «ኦፍ» ጠፍታለች። «ሃዝ ብሬክ» ላይ ትንሿ ቃል አለች፣ ግሱ ግን ጊዜውን አልያዘም፣ «ብሮክን» መሆን አለበት። «ሉኪንግ ዘ ፕሮብሌም» ምንም ማለት አይደለም። «ፎር» ብትጨምሩ ችግር ፍለጋ የወጣችሁ ትመስላላችሁ፣ ማጣራት ከሆነ «ኢንቱ» ነው። ቅጽ «ፊል ኢን» ወይም «ፊል አውት» ይባላል፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። «ሴንድ ባክ ኢት» ላይ «ኢት» መሐል ትግባ። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ።

«ዲር ኦል፣ ዘ ፍራይደይ ሚቲንግ ዊል ቢ ፑት ኦፍ። ዘ ፕሮጀክተር ሃዝ ብሮክን ዳውን ኤንድ ዊ አር ሉኪንግ ኢንቱ ዘ ፕሮብሌም። ፕሊዝ ፊል ኢን ዘ ፎርም ኤንድ ሴንድ ኢት ባክ ቱ ሚ። አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ።»

አሁን ሊላክ ይችላል። ያረማችኋቸውን ስድስቱን ደግሞ በዚያው ቀን ማስታወሻችሁ ላይ በየጉዳያቸው ገጽ ገልብጧቸው። ነገ ደግሞ ሳታዩ ጻፏቸው፤ ያልመጣላችሁ ካለ እሱን ብቻ አስገብታችሁ ሌላ ኢሜይል ጻፉ።